አልበላ ያለኝን ዓይናፋር ኮሜት ምግብ እንዴት እንዳስለመድኩት

በ400 ሊትር የጨው ውኃ አኳሪየሜ ውስጥ ያስገባሁት ኮሜት የተባለ አዳኝ ዓሣ ለ9 ቀናት ከድንጋዩ ሥር ሳይወጣና ምንም ሳይቀምስ ቆየ። በመጀመሪያ የጠረጠርኩት በሽታን ነበር፤ ውኃውን ስመረምር ግን ዓሣን የሚመርዙት አሞኒያም ሆነ ናይትራይት አልተገኙበትም፤ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ነበር።

ስህተቱ የእኔ ነበር። ይህ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ድረስ በኮራል ዋሻዎች የሚኖር ዓሣ ቀን ተደብቆ የሚውልና ሲመሽ ወጥቶ የሚያድን ሆኖ ሳለ፣ እኔ የምመግበው መብራቱ ቦግ ብሎ፣ ፈጣኖቹ ዓሦች በሚሻሙበት ሰዓት ነበር። እጄን ባስገባሁ ቁጥር ጭንቅላቱን ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ጅራቱን ውጭ ይተዋል፤ ከጀርባ ክንፉ የኋላ ጫፍ ሥር ያለችው ዓይን መሳይ ነጥብም ሞሬይ ኢል የተባለውን እባብ መሳይ አዳኝ ዓሣ ራስ ታስመስለዋለች። በእውነቱ እኔንም አስደንግጣኛለች።

ስለዚህ መብራቱ ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሌሎቹን በወዲያኛው ጫፍ አስቀድሜ እያጠገብኩ፣ ትንንሽ ሕያው ሽሪምፖችን ከዋሻው አፍ አጠገብ መልቀቅ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሌሊት ክንፎቹን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ በጣም በዝግታ ተጠግቶ፣ አንዱን በቅጽበት ዋጠው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በረዶው የቀለጠለትን ሽሪምፕ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ይዤ እንደ ሕያው ሳወዛውዘው መቀበል ለመደ። አሁን በየሁለት ቀኑ ማታ ይበላል፤ ለማሳመር ያስገባኋቸውን ትንንሽ ሽሪምፖች ግን ሳይቀድመኝ ወደ ሌላ አኳሪየም አዛውሬያቸዋለሁ።