መታጠቢያ ቤትዎን ከማፍረስዎ በፊት፦ የእድሳት እቅድና በጀት አወጣጥ

መታጠቢያ ቤት ከቤቱ ክፍሎች ትንሹ ነው። በካሬ ሜትር ሲሰላ ግን ኪስ ከሚያራቁቱት ውስጥ ነው። ቧንቧው፣ ፍሳሹ፣ መብራቱ፣ ሴራሚኩ፣ ሁሉም እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። አብዛኛው ሰው እቅዱን የሚጀምረው ከሱቅ ነው፣ ሴራሚክና ሲንክ እያማረጠ። በጀት የሚያናጋው ግን ከግድግዳው ጀርባና ከወለሉ ሥር ያለው ነው። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

1. ችግሩን ይለዩ

ምኑ ነው ያስቸገርዎት? ግድግዳው እየሻገተ ከሆነ አዲስ ሴራሚክ አያድነውም። የሚያስፈልገው እርጥበቱን የሚያወጣ መስኮት ወይም ወደ ውጭ የሚተነፍስ የአየር ማስወጫ ፋን ነው። ሽታ ከሆነም ሁልጊዜ ማፍረስ አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ የማይሠራበት የወለል ፍሳሽ ሲፎኑ (ሽታ እንዳይወጣ ውሃ ይዞ የሚቆየው ጎባጣ ቱቦ) ውስጥ ያለው ውሃ ይደርቅና ሽታው ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተው ይሞክሩት። እድሳት ሊያቀሩ ይችላሉ።

ማደሱ ግድ ከሆነ አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ በኩል የግድ መሠራት ያለበትን፣ በሌላው ቢኖር ደስ የሚለውን ይጻፉ። ገንዘብ ሲያጥር የሚሰረዘው ከየትኛው በኩል እንደሆነ ያኔ ክርክር አያስነሳም።

2. ይለኩ፣ ይሳሉ

ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ፣ በርና መስኮት። ሰው የሚረሳው ልክ ግን የሽንት ቤት መቀመጫው ፍሳሽ ነው። ከተጠናቀቀው ግድግዳ እስከ ፍሳሹ ቀዳዳ መሃል ስንት ሴንቲ ሜትር አለ? መቀመጫዎች የሚሠሩት ለተወሰነ ርቀት ነው። ይህን ቁጥር ሳይዙ ሱቅ ከሄዱ፣ ያማረዎት መቀመጫ ወይ ከግድግዳው ይርቃል ወይ ጭራሽ አይገባም። ፍሳሹ በወለል ይውጣ ወይስ በግድግዳ፣ እሱንም አብረው ይጻፉ።

ከመቀመጫው መሃል እስከ ጎን ግድግዳ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊቱ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ። ሻወር 80 በ80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ 90 በ90 ግን ክርንዎን ሳያጋጩ ያስታጥባል። በወረቀት ካልታየዎት ወለሉ ላይ በጠመኔ ይሳሉትና መሃሉ ይቁሙበት። በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ሲንኩን የሚመታ ከሆነም ያኔ ይታያል።

3. መቀመጫውን ካልቸገረ አያንቀሳቅሱት

ዋጋ ከሚያንሩ ውሳኔዎች ዋነኛው ይሄ ነው። የመቀመጫው ፍሳሽ 100 ወይም 110 ሚሊ ሜትር የሚሆን ወፍራም ቱቦ ነው፤ ተዳፋትም ይፈልጋል። ቦታውን መቀየር ማለት ወለል መስበር ማለት ነው። ፎቅ ላይ ከሆኑ ደግሞ የታች ጎረቤት ጣሪያና የሕንፃው አስተዳደር ፈቃድ አለ። ሲንክ ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ማዛወሩ ይቀላል። በእኔ እምነት መቀመጫው ባለበት ቆሞ ሌላው ቢስተካከል ከአሥሩ ስምንቱ ቤት ያምርበታል።

4. በጀቱን ከላይ ወደ ታች ያውጡ

መጀመሪያ ማውጣት የሚችሉትን ጠቅላላ ገንዘብ ይጻፉ። ከእሱ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶውን ወዲያው ያንሱና ለብቻው ያስቀምጡ። ቤቱ ያረጀ ከሆነ 20ውን ይያዙ። ይህ ገንዘብ የተሻለ ሴራሚክ መግዣ አይደለም። ግድግዳው ሲፈርስ ለሚገኘው የዛገ ቧንቧና የበሰበሰ ልስን ነው።

የቀረውን በዝርዝር ይከፋፍሉ፦ ማፍረስና ፍርስራሽ ማስወጣት፣ የቧንቧ ሥራ፣ የመብራት ሥራ፣ ልስን፣ ውሃ መከላከያ፣ ሴራሚክ ከማጣበቂያውና ከግራውቱ (በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን ክፍተት ከሚሞላው) ጋር፣ መቀመጫ፣ ሲንክ፣ ሻወር፣ በር፣ ቀለም፣ የእጅ ዋጋ፣ ማጓጓዣ። ፍርስራሽ ማስወጣት ከዝርዝር የሚቀር ወጪ ነው፣ ሲመጣም ቀላል አይደለም። ክፍሉ ተዘግቶ ሳለ የት እንደሚታጠቡም አብረው ያስቡ።

ሴራሚክ በግምት አይገዛም። ክፍሉ 2 ሜትር በ1.8 ሜትር፣ ከፍታው 2.4 ሜትር ነው እንበል። የአራቱ ግድግዳ ዙሪያ 7.6 ሜትር ነው፤ በ2.4 ሲባዛ 18.24 ካሬ። በሩን (0.7 በ2.1) ሲቀንሱ 16.77 ይቀራል። ወለሉ 3.6 ካሬ ነው፤ ድምሩ 20.37። ለቁርጥራጭና ለስባሪ 10 በመቶ ሲጨመር 22.4 ካሬ ይሆናል። በሰያፍ የሚደረደር ከሆነ በ10 ፈንታ 15 በመቶ ይጨምሩ። አንዱ ካርቶን 1.44 ካሬ የሚይዝ ከሆነ 16 ካርቶን ያስፈልግዎታል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይግዙ፣ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ዙር ቁጥር አንድ መሆኑንም ይዩ። በኋላ የሚጨመረው ካርቶን ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ሊለይ ይችላል።

የት ይቆጠብ? መስታወት፣ ቁም ሳጥን፣ ፎጣ መስቀያ በማንኛውም ጊዜ ይቀየራሉ። ከሻወሩ ውጭ ያለውን ግድግዳ እስከ ጣሪያ በሴራሚክ ከመሸፈን እርጥበት የሚችል ቀለም መቀባትም ይቻላል። ውሃ መከላከያ፣ ቧንቧና ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ሚክሰር (ሙቁንና ቀዝቃዛውን ውሃ የሚቀላቅለው) ላይ ግን አይሰስቱ። እነሱ ሲበላሹ ሴራሚኩ አብሮ ይሰበራል።

5. ዋጋ ያሰባስቡ

ለሦስት ባለሙያዎች አንድ ዓይነት ዝርዝር ይስጡ፣ መልሱንም በዝርዝር ይቀበሉ። "በጥቅሉ ይሄን ያህል" የሚል ዋጋ አይወዳደርም። ካነሰው ዋጋ ውስጥ ውሃ መከላከያው የለም ይሆናል። ማጣበቂያና ማገጣጠሚያ የሚገዛው ማን እንደሆነም ይጠይቁ። ከሠሩት ውስጥ አዲሱን ሳይሆን ዓመት ያለፈውን ቢያዩ ይሻላል፣ ስንጥቅና ፍሳሽ ካለ እዚያ ይታያል።

ክፍያው ከሥራው ጋር ይሂድ፦ ቧንቧው ተፈትኖ ሲያልፍ፣ ሴራሚኩ ሲያልቅ፣ ሁሉም ተገጥሞ ሲሠራ።

6. ቅደም ተከተሉን ይያዙ

መቀመጫው፣ ሚክሰሩና ሴራሚኩ እጅዎ ሳይገቡ አያፍርሱ። አንድ ዕቃ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ሠራተኛውም ሌላ ቤት ይሄዳል።

ከማፍረስ ቀጥሎ የቧንቧና የመብራት መስመር ይዘረጋል። የመብራት ሠራተኛው 30 ሚሊ አምፔር የሆነ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ በራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ይግጠም። ግድግዳው ሳይዘጋ ቧንቧው በግፊት ይፈተን። እርስዎም እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ሜትር አጠገቡ ይዘው ፎቶ ያንሱ። መስታወት ለመስቀል ግድግዳ ሲበሱ ያ ፎቶ ቧንቧ ከመምታት ያድንዎታል።

ከዚያ ልስን፣ ቀጥሎ የሻወሩ ወለል። ለ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፍሳሹ መውረድ አለበት። ውሃ መከላከያው ተቀብቶ በደንብ ከደረቀ በኋላ ፍሳሹ ይደፈንና ውሃ ይሞላበታል። ውሃው የደረሰበት ላይ በእርሳስ መስመር ያስምሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከመስመሩ በግልጽ ከወረደ ወይም የታችኛው ጣሪያ ከረጠበ ሥራው ይደገም። "ጊዜ የለንም፣ ሴራሚኩን እንቀጥል" የሚል ባለሙያ ሊገጥምዎት ይችላል። እሺ አይበሉ።

ሴራሚክ፣ ግራውት፣ መገጣጠም ይከተላሉ። ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበት ማዕዘን ግራውት ሳይሆን ሲሊኮን ይሁን። ሁለቱ ትንሽ ትንሽ ስለሚንቀሳቀሱ ግራውት እዚያ ይሰነጠቃል።

መሃል ላይ "እግረ መንገዳችንን ይቺንም እናስተካክላት" የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ዋጋው በጽሑፍ ሳይመጣ አይስማሙ።

የመጨረሻውን ክፍያ ክፍሉን ጥቂት ቀን ከተጠቀሙበት በኋላ ይስጡ። ከሲንኩ ሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፈው ውሃውን ይክፈቱት። ሻወሩ ወለል ላይ ውሃ ደፍተው የት እንደሚቆም ይዩ። ከሴራሚኩ የተረፈውን አንድ ካርቶን ያህል ካርቶኑን ሳይጥሉ ያስቀምጡ፣ ቁጥሩ የተጻፈው እሱ ላይ ነው።