ፔቱን ቢጫ ያደረገው ሙጫው ነበር
መልሶ ለመጠቀም የተፈጨው የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ (ፔት) ሲያዩት ንጹህ ነው። ሲቀልጥ ግን ቢጫ ይሆንና ጥቋቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ቁራጩን በጣቴ ሳሸው ይጣበቃል፤ የሌብሉ ሙጫ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ንቅንቅ አያደርገውም።

ውሃውን 80 ዲግሪ አካባቢ አድርሼ፣ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳና አረፋ የማይበዛው ሳሙና ጨምሬ 15 ደቂቃ በደንብ አማሰልኩት። ለቀቀ! ከዚያ ሶዳው ጨርሶ እስኪወጣ ማለቅለቅ ነው። እዚህ ላይ ውሃ መሰሰት የለም፤ የቀረ ሶዳ ራሱ ፕላስቲኩን ያበላሻል። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው።

ውሃ ውስጥ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ፔቱ ይሰምጣል። አስቸጋሪው ፒቪሲ የሚባለው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ አብሮ ስለሚሰምጥ ከመፍጨታችን በፊት በእጅ እንለቅመዋለን። ጥቋቁሩ ነጠብጣብ የሱ ነበር፤ ፔት በሚቀልጥበት ሙቀት ያርራል።

አሁን ጥርት ያለ ይወጣል። ለምግብ ማሸጊያ ግን ገና ነው፤ ውስጡ የሰረገ ኬሚካል በእጥበት ብቻ አይወጣም፣ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ (በቫኪዩም) ማሞቅ ይፈልጋል።