ጊ ለብሶም ሳይለብሱም ግብግብ እንዴት መለማመድ ይቻላል

ብራዚሊያን ጁ ጂትሱን ሁለት ዓመት ሙሉ ጊ፣ ማለትም ወፍራሙን የልምምድ ልብስ፣ ለብሼ ብቻ ነበር የተለማመድኩት። ኮሌታ ከያዝኩ የሚያመልጠኝ ሰው ጥቂት ነበር። እንደዚያ እያልኩ ራሴን አሞካሽ ነበር። አንድ ቀን ያለ ጊ የሚለማመዱ ሰዎች ጋ ሄድኩ። የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ ከጀመረ ገና አራት ወሩ የሆነ ልጅ ነበር። ቀኝ እጄ እንደ ልማዱ ወደ ኮሌታ ሄደ። ኮሌታ የለም። ግራ እጄ እጅጌ ፈለገ። እጅጌም የለም። ልጁ በብብቴ ስር ሹልክ ብሎ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነቀኝ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር፣ ችሎታ ብዬ ከቆጠርኩት ግማሹ ጨርቅ ነበር።

ለማያውቀው፦ ጊ ማለት የጁዶና የብራዚሊያን ጁ ጂትሱ ተለማማጆች የሚለብሱት ወፍራም የጥጥ ኮት፣ ሱሪና ቀበቶ ነው። ያለ ጊ ሲሆን ኖ-ጊ ይባላል፤ ራሽ ጋርድ የሚባል ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ሹራብና ቁምጣ ይበቃል። የቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር አያልቅም። እኔ አልገባበትም፣ ሥሩ አንድ ነውና። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ላይ ጁዶን መሠረተ። የእሱ ትምህርት ቤት ያፈራው ሚትሱዮ ማዬዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ ግሬሲ የሚባለው የብራዚል ቤተሰብ ትምህርቱን ከእሱ ወሰደ። በ1993 ከዚያው ቤተሰብ ሮይስ ግሬሲ ዩኤፍሲ የተባለውን ቦክስም ርግጫም ግብግብም የተፈቀደበት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ያሸነፈው ነጭ ጊውን ለብሶ ነው። ያለ ጊ በሚደረግ ግብግብ ትልቁ የሚባለው ውድድር ኤዲሲሲ ደግሞ በ1998 አቡ ዳቢ ላይ ተጀመረ። ሁለቱንም ልመዱ።

ልብሱ

ጊ ስትገዙ ውድ ውዱን አትፈልጉ። አንድ ውድ ጊ ካለው ሰው ሁለት ተራ ጊ ያለው ይሻላል፤ አንዱ ታጥቦ እስኪደርቅ ሌላውን ይለብሳል። የጨርቁ ክብደት የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው ተብሎ ነው። 350 አካባቢ ያለው ቀላል፣ 550 የሚደርሰው ከባድ ነው። ወፍራም ኮሌታ ለተጋጣሚ አይመችም፤ ላብ ሲጠጣ ግን የምትሸከሙት እናንተው ናችሁ። ለጀማሪ ቀላሉን እመርጣለሁ።

ጥጥ መሆኑን ደግሞ አትርሱ። እኔ የመጀመሪያውን ጊዬን በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ሲደርቅ እጅጌው ወደ ክርኔ ተሰብስቦ የልጅ ልብስ መሰለ። በዓለም አቀፉ የብራዚሊያን ጁ ጂትሱ ፌዴሬሽን ውድድር እጅ ወደፊት ሲዘረጋ እጅጌው ከእጅ አንጓ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። የኔውን በዓይን አይቶ መጣል ይቻል ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥላ ላይ ማስጣት፤ በቃ።

ለኖ-ጊ፣ ቁምጣው ኪስና ዚፕ አይኑረው። ኪስ ውስጥ የሰው ጣት ይገባል፣ በሰላም ግን አይወጣም። ሰፊ ቲሸርትም ይቅር፤ ጭንቅላት ላይ ይጠመጠማል። መወዳደር ካሰባችሁ ያው ፌዴሬሽን ራሽ ጋርዱ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ የቀበቶ ደረጃችሁ ቀለም እንዲኖር ይጠይቃል።

ቀበቶ አስተሳሰር በጽሑፍ አይሆንም። አንድ ሰው አስሮ ያሳያችሁ።

ጥፍር ይቆረጥ። ከማቱ፣ ከልምምዱ ምንጣፍ፣ ስትወጡ ነጠላ ጫማ አድርጉ፣ በባዶ እግር መጸዳጃ ቤት ደርሶ መመለስ ነውር ነው። ልብሱን የዚያኑ ዕለት እጠቡ። አንድ ጊዜ ላብ የጠጣ ጊ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ቀን ረሳሁና ሳላጥብ ደግሜ ለበስኩት። ሽታውን ተዉት። ብዙም ሳይቆይ ክንዴ ላይ ክብ ጭርት ወጣና እስኪድን ከልምምድ ቀረሁ። ከዚያ ጊ ይሁን ከማቱ ማንም አያውቅም፤ እኔ ግን ቀበቶዬን ሳይቀር አጥባለሁ። ቀበቶ ከታጠበ እውቀቱ አብሮ ይሄዳል የሚሉ አሉ። እነሱ ጎን ስትቆሙ ታውቋቸዋላችሁ።

እጅ መስጠት

ከመጀመሪያው ዙር በፊት ታፕ ማድረግን ልመዱ። የተጋጣሚን ሰውነት ወይም ማቱን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ነው። ሁለቱም እጅ ከተያዘ በአፍ ተናገሩ ወይም በእግር ምቱ። በኮሌታ ስትታነቁ አንገት ግራና ቀኝ ያሉት የደም ሥሮች ይጫናሉ። ትንፋሽ ስላለ ሰው “ገና ነኝ” ይላል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ግን ራሱን ሊስት ይችላል። ጆሯችሁ ውስጥ ድምፅ ሲርቅ ከሰማችሁ ዘግይታችኋል።

አያያዝ፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው

መጀመሪያ በጊ። ጀማሪ እጅጌ ሲይዝ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይቆነጥጣል። ጉልበቱ ያለው ግን በወዲያኛው በኩል፣ ትንሿ ጣት ጋ ነው። ጨርቁን መዳፋችሁ ውስጥ ሰብስቡ። መጀመሪያ ትንሿን ጣት አጥብቁ፣ ቀጥሎ የቀለበቷን፣ ቀጥሎ የመሃሏን። የቀሩት ሁለቱ ላላ ብለው ይቀመጡ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ክንዳችሁ ድንጋይ ከሆነ ከመጠን በላይ ጨብጣችኋል። ተጋጣሚ ሲንቀሳቀስ ጨብጡ፣ ሲቆም አላሉ።

ኮሌታ ላይ ለመግፋትና ለመሳብ ከሆነ ደረት አካባቢ መያዝ ይበቃል፤ አራቱ ጣቶች ከውስጥ፣ አውራ ጣት ከውጭ። ለማነቅ ግን እጅ እስከ ጆሮ ስር ጠልቆ መግባት አለበት። ጀማሪዎች ደረት ላይ ያለ ኮሌታ ይዘው ለማነቅ ሲታገሉ አያለሁ። የሚደክመው አናቂው ነው።

ጣትን በእጅጌ ወይም በሱሪ ጫፍ ቀዳዳ ወደ ውስጥ መክተት የተከለከለ ነው። ክልከላው የሚጠብቀው የከታቹን ጣት ነው፤ ጨርቁ ሲጠመዘዝ ጣትም አብሮ ይጠመዘዛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። አንድ ከእኔ የከበደ ሰው እጅጌውን ይዤበት በሁለት እጁ መነጨቀኝ። መልቀቅ ነበረብኝ። እልህ ያዘኝና ሙጭጭ አልኩ። የቀለበት ጣቴ ላይ “ቋ” የሚል ነገር ሰማሁ። ከአምስት ሳምንት በላይ ብዕር እንኳ በደንብ አልጨበጥኩም። ዛሬም መገጣጠሚያው እንዳበጠ ቀርቷል፣ ቀለበት አያልፈውም። ስለዚህ የያዛችሁት ጨርቅ ሊነጠቅ እንደሆነ ከተሰማችሁ ቀድማችሁ ልቀቁና ሌላ ቦታ ያዙ። መልሶ መያዝ አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ጣት ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ፕላስተር ይረዳል፣ እኔም እጠቀማለሁ፤ የተጎዳ ጣት ግን አያድንም። እየጨመቁ እጅ የሚያጠነክሩበትን የብረት ሞላ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ጊውን ብረት ላይ ሰቅሎ ኮሌታውን ይዞ መንጠልጠል ይሻላል፣ ነጻም ነው።

ከዚያ ያለ ጊ። እዚህ ነው እኔ ስድስት ወር ያባከንኩት። ላብ ያላበውን ክንድ እንደ እጅጌ በጣቶቼ ለመጨበጥ ስሞክር ሙልጭ ብሎ ይወጣል። አንድ ትግል የሚያውቅ ሰው ነው መላውን ያሳየኝ፦ ሰውነት ጠበብ ብሎ መልሶ የሚሰፋበትን ቦታ ያዝ። የእጅ አንጓ፣ መዳፍ ከመስፋቱ በፊት። ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ ከመጀመሩ በፊት። ማጅራት፣ የራስ ቅል ከመስፋቱ በፊት። ወገብ። ክንድ መሃል ላይ ከያዛችሁ ላብ ያሸንፋል። አንጓው ላይ ከያዛችሁ እጅ ራሱ ያግዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሳየኝ፤ ክንዱን ዘርግቶ መሃሉን አስያዘኝና ሳበው፣ ወጣ። ቀጥሎ አንጓውን አስያዘኝና ሳበው፣ እኔንም አብሮ ጎተተኝ።

ስለዚህ እያንዳንዱ የጊ አያያዝ ምትክ አለው። እጅጌ ሲጠፋ የእጅ አንጓ። ኮሌታ ሲጠፋ ማጅራት፤ ክርናችሁ ተጋጣሚ ደረት ላይ ይውረድ እንጂ አይንሳፈፍ። ቀበቶ ሲጠፋ ወገብ አቅፎ እጅ መቆለፍ። ማጅራትና ክንድ ስትስቡ አውራ ጣትን ከአራቱ ጋር አጣብቃችሁ እጃችሁን መንጠቆ አድርጉ። በብብት ስር እጅ አስገብቶ መዳፍን ትከሻ ጀርባ ላይ ማሳረፍ ደግሞ በጊ ችላ የምንለው፣ ያለ ጊ ግን ግማሹ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ቀን ልጁ የበላኝ በእሱ ነው።

እጅ ሲቆለፍ ጣት በጣት አታቆላልፉ፤ ተጋጣሚ ሲጫነው ሁሉም ጣት አንድ ላይ ይጎዳል፣ ለመልቀቅም ጊዜ ይፈጃል። መዳፍ በመዳፍ ላይ አጋጥሙ፣ አውራ ጣቶቹም ከሌሎቹ ጋር ይጣበቁ። ይህ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወርቅ በወሰደው በአሜሪካዊው ታጋይ ዳን ጌብል ስም ነው የሚጠራው።

ሌላው ለውጥ ርቀት ነው። ጨርቅ ይዞ ሰውን በክንድ ርቀት ማቆየት ይቻላል። ያለ ጨርቅ ደረት ከደረት ካልተጣበቀ ተጋጣሚ አይቆይም። መሃል ላይ መንሳፈፍ የለም፤ ወይ ጥብቅ፣ ወይ ራቅ።

ሁለቱን ማገናኘት

እኔን ያዳነኝ ልምምድ ቀላል ነው። ጊ ለብሳችሁ አንድ ዙር ጨርቅ ሳትነኩ ተጋጠሙ። አንጓ፣ ማጅራት፣ ብብት፣ ወገብ ብቻ። ተጋጣሚያችሁ ግን እንደልቡ ይያዝ። የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነው፣ ቻሉት። ከአንድ ወር በኋላ እጃችሁ ኮሌታ ፍለጋ መሄዱን ይተዋል።

ከኖ-ጊ ወደ ጊ የምትመጡ ደግሞ ሌላ ችግር ይጠብቃችኋል። ክንዳችሁ ሲያዝ እንደለመዳችሁት ሳብ አድርጋችሁ ለመውጣት ትሞክራላችሁ፤ ጥጥ በጥጥ ላይ ይነክሳል፣ አይወጣም። እስከዚያ ድረስ ያስመለጣችሁ ላብ ነበር። ክንዱ ገና ሳይዘረጋ ክርናችሁን ወደ ጎድናችሁ መልሱ፤ ከተዘረጋ በኋላ አንድ መፍትሔ ብቻ ነው ያለው፣ ታፕ።

በሳምንት ሦስት ቀን የሚለማመድ ጀማሪ ሁለቱን በጊ፣ አንዱን ያለ ጊ ያድርገው፤ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ። እንደኔ ሁለት ዓመት አትጠብቁ። ግባችሁ ቦክስም ርግጫም ያለበት ፍልሚያ ከሆነ ግን ገልብጡት። ያለ ጊ ነገሩ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ዙሩን አሳጥሩት፤ ደክሞት የሚንፈራገጥ ሰው ጉልበቱና ክርኑ የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

እግር ላይ ግን ጥንቃቄ። ተረከዝ ይዞ መጠምዘዝ የሚጎዳው ጉልበትን ነው፤ ሕመሙ ሳይሰማ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። “ሲያመኝ ታፕ አደርጋለሁ” እዚህ አይሠራም፤ ተረከዛችሁ እንደተያዘ እጅ ስጡ። ፌዴሬሽኑ በጊ ውድድር ለማንም አይፈቅደውም። ያለ ጊም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የፈቀደው ለአዋቂ ቡናማና ጥቁር ቀበቶዎች ብቻ ነው። የልምምድ ቦታዎች ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው። አዲስ ቦታ ስትሄዱ ከመጨባበጣችሁ በፊት “እዚህ ተረከዝ ይያዛል?” ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሁሌም እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል።