በስልክ፣ በክርና በብይ፦ ጊዜንና ፍጥነትን በክፍል ውስጥ መለካት

የስልክ ስቶፕዎች የሰከንድን መቶኛ ያሳያል፤ ጣት ግን እዚያ አይደርስም። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ተረድቶ፣ ጣት ስክሪኑን እስኪነካ ድረስ 0.2 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ተማሪ ደብተሩ ላይ «2.37 ሰከንድ» ብሎ ሲጽፍ የመጨረሻዋ 7 ምንም ትርጉም የላትም፤ 3ቱም ታጠራጥራለች። ስለዚህ ከሌላው ሁሉ በፊት የራሳችሁን እጅ ለኩት።

የሚያስፈልገው ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ብቻ ነው። አንዱ ተማሪ ማስመሪያውን ከላይ ይዞ ዜሮውን ወደ ታች አድርጎ ያንጠልጥለው። ሌላው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዜሮው ትይዩ ከፍቶ፣ ሳይነካው ይጠብቅ። የመጀመሪያው ሳያስጠነቅቅ ይልቀቅ፤ ሁለተኛው ይያዝ። ጣቱ 15 ላይ ካረፈ 0.17 ወይም 0.18 ሰከንድ ዘግይቷል ማለት ነው። 20 ላይ ከሆነ 0.20፣ 25 ላይ ከሆነ 0.23 ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ያዝኩ የሚል ካለ ገምቶ ነው የያዘው፤ ያ 0.1 ሰከንድ ስለሆነ አይታመንም፤ ድገሙት።

ፔንዱለም

ፔንዱለም በክር ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ክብደት ነው። የማይለጠጥ ክር፣ አንድ ዳዶ፣ ማስመሪያና ስልክ ይበቃል። የሱፍ ክር ተዉት፤ ይለጠጣል። ክሩን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ማሰርም አያዋጣም፤ ሲወዛወዝ ጠርዙን እየታከከ ርዝመቱ ይለዋወጣል። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሀል አጥብቃችሁ ያዙት። ርዝመቱ የሚለካው ከተያዘበት ነጥብ እስከ ዳዶው መሀል ነው። እስከ ቋጠሮው ብቻ የለካ ተማሪ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያጎድላል። ለመጀመሪያው ሙከራ ይህ ርዝመት 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

1. ከዳዶው ማረፊያ ጀርባ፣ ግድግዳ ወይም ወረቀት ላይ፣ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አስምሩ።
2. ዳዶውን 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ሳቡና ሳትገፉ ልቀቁት።
3. ሁለት ሦስቴ ይወዛወዝ። ከዚያ መስመሩን ወደ ቀኝ ሲያልፍ «ዜሮ» ብላችሁ ስቶፕዎቹን አስነሡ።
4. እንደገና ወደ ቀኝ ሲያልፍ «አንድ»። «ሃያ» ላይ አቁሙና ጊዜውን ለ20 አካፍሉ።

ብዙ ሰው የሚቆጥረው ዳዶው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ነው። ያ ቦታ አሳሳች ነው፤ ዳዶው እዚያ ሲደርስ ቀስ ስለሚል የተመለሰበትን ቅጽበት ለይቶ መያዝ ይከብዳል። መሀሉን ሲያልፍ ግን ከሁሉ የፈጠነበት ቦታ ስለሆነ ቅጽበቱ ግልጽ ነው።

20ው ውዝዋዜ 20.1 ሰከንድ ገደማ መውሰድ አለበት፤ አንዱ አንድ ሰከንድ ማለት ነው። ያገኛችሁት ቁጥር የት እንደተሳሳታችሁ ይነግራችኋል። 19.1 ከሆነ ቆጠራውን የጀመራችሁት ከ«አንድ» ነው፤ የለካችሁት 19 ውዝዋዜ ነው። 10 ከሆነ ሲሄድም ሲመለስም ቆጥራችኋል። ከ20.1 በግማሽ ሰከንድ ያህል ከበለጠ ወይ ክሩ ረዝሟል፣ ወይ ዳዶውን በጣም ርቃችሁ ስባችሁታል። ይህ ከ«ዜሮ» የመጀመር ነገር ተራ ይመስላል፤ በክፍል ውስጥ ግን ከስህተቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው እሱ ነው።

አንድ ውዝዋዜ ብቻ ብትለኩ የጣታችሁ 0.2 ሰከንድ ከአንድ ሰከንዱ 20 በመቶ ነው። 20 ውዝዋዜ ለክታችሁ ስታካፍሉ ያው 0.2 ሰከንድ ለሃያ ተከፋፍሎ 0.01 ይሆናል። የረባ መሣሪያ የሌለው ላብራቶሪ ትልቁ ጉልበት ይኼ ነው።

ቀጥሎ ክሩን ከበር መቃን ላይ አንጠልጥላችሁ ርዝመቱን 1 ሜትር አድርጉት፤ አሁን 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ መሳብ ትችላላችሁ። 20 ውዝዋዜ 40.2 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ክብደት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ለማየት ዳዶ ስትጨምሩ አንዱን ከአንዱ በታች አትሰሩ፤ የክብደቱ መሀል ወደ ታች ይወርድና ጊዜው ይረዝማል፣ ተማሪውም «ክብደት ያዘገያል» ብሎ ይደመድማል። ጎን ለጎን እሰሯቸው።

ብይ በተዳፋት ላይ

ለሁለት የተሰነጠቀ የ2 ሜትር ፕላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጉ። 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካላችሁ ብዩ በሁለት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ስለሚጨርስ የእጅ ስህተቱ ገኖ ይወጣል። በ4 ሳንቲ ሜትር ግን አምስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ ቱቦው ሻካራ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ብዩን በማስመሪያ አግታችሁ ማስመሪያውን ወደፊት በማንሳት ልቀቁት፤ በጣት የተለቀቀ ብይ ሁልጊዜ ትንሽ ይገፋል።

መጀመሪያ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ እስከ 2 ሜትር ያለውን ጊዜ አምስት አምስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ከአምስቱ አንዱን መጣል የሚቻለው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው፤ ብዩ የቱቦውን ግድግዳ ነክቶ ከሆነ ይጣል፣ «አላማረኝም» ብሎ መጣል ግን መለካት አይባልም። የ50 ሳንቲ ሜትሩ ጊዜ የ2 ሜትሩ ግማሽ ገደማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ርቀቱን ለጊዜው ስታካፍሉ የምታገኙት አማካይ ፍጥነት ነው፤ 2 ሜትር ለ5.4 ሰከንድ ሲካፈል 0.37 ሜትር በሰከንድ። ብዩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የሚሮጠው ግን የዚህን እጥፍ ያህል ነው። ተማሪዎች ይህን ካልተነገራቸው 0.37ን የመጨረሻው ፍጥነት ያደርጉታል።

ሩጫ በሜዳ

መቶ ሜትር የሚለካ ሰው መድረሻው ላይ ነው የሚቆመው። አስነሺው ቢያጨበጭብ ድምፁ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ለመድረስ 0.3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሯጩም በዚያው ልክ ፈጣን ሆኖ ይመዘገባል። አስነሺው እጁን ከፍ አድርጎ በአንዴ ያውርድ፣ ሰዓት ያዡም እጁን አይቶ ይነሣ።

ለማነጻጸሪያ አበበ ቢቂላን ውሰዱ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨረሰ። ያ 8116.2 ሰከንድ ነው፤ 42195 ሜትር ሲካፈልለት 5.2 ሜትር በሰከንድ፣ በ3.6 ሲባዛ 18.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በዚህ ፍጥነት 100 ሜትር 19.2 ሰከንድ ይወስዳል። ተማሪዎቹ አንዱን መቶ ሜትር በ19 ሰከንድ ሮጠው ይሞክሩት፤ ከዚያ እሱ 421 ጊዜ እንደደገመው ንገሯቸው። በባዶ እግሩ።

ሰዓት ሲደመርና ሲቀነስ

ብዙ ማርክ የሚጠፋው እዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ጠዋት 1:50 የተነሣ አውቶቡስ በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዳማ 3:05 ቢደርስ የፈጀው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ያ 1.15 ሰዓት አይደለም፤ 15 ደቂቃ የሰዓት ሩብ ስለሆነ 1.25 ነው። ትክክለኛው ፍጥነት 68 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን በ1.15 ያካፈለ 74 ያገኛል። ስቶፕዎች ላይም ያው ነው፤ 1:05.30 ማለት 65.3 ሰከንድ ነው።

ከሌሊቱ 11:40 ተነሥቶ ጠዋት 1:10 የደረሰ መንገደኛ ሲመጣ እስከ 12:00 ያለውን 20 ደቂቃ ለብቻ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለብቻ ቆጥራችሁ ደምሩ። መነሻውን በአፍ ከሚነገረው ሰዓት፣ መድረሻውን በፈረንጅ አቆጣጠር ከተሞላ ስልክ ከወሰዳችሁ ግን መልሱ 6 ሰዓት ይዛባል።

በደቂቃ ስንት?

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቧንቧ ሥር አድርጉና እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ያዙ። 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ከፈጀ 160 ሰከንድ ነው፤ 0.125 ሊትር በሰከንድ፣ ማለትም 7.5 ሊትር በደቂቃ። ጀሪካኑ እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ሊያልፍ ስለሚችል በሁለት ሊትር ጠርሙስ አሥር ጊዜ ሞልታችሁ ውኃው የደረሰበት ላይ ምልክት አድርጉ። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ደግሞ ጠብታ መቁጠር አያስፈልግም፤ ኩባያ ሥሩ አስቀምጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ በስሪንጅ ለኩት። 180 ሚሊ ሊትር ከተገኘ በቀን 4.3 ሊትር ይባክናል።

የልብ ምት በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ምት መሳሳት በደቂቃ የ4 ምት ስህተት ይሆናል። በ30 ሰከንድ ከቆጠራችሁ ስህተቱ 2 ነው። የእጅ አንጓ ላይ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት ዳብሱ፤ አውራ ጣት የራሱ ምት ስላለው ያደናግራል። የመጀመሪያዋን ምት እዚህም «ዜሮ» በሏት።