ድምፅንና ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያን በቤት ውስጥ ለመቅዳት፦ የመቅጃ ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

ሙዚቃን ለነፍሱ ደስታ የሚጫወት ሰው ሥራውን በቤቱ ለመቅዳት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው ማይክ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት «ምን ልቀዳ ነው? በየትኛውስ ክፍል ውስጥ?» የሚለው መመለስ አለበት። በገና የሚደረድርና ከበሮ የሚመታ ሰው አንድ ዓይነት ማይክ አያስፈልጋቸውም። በአውራ ጎዳና ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም የሚኖረውና ጸጥ ባለ ግቢ ውስጥ የሚኖረውም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ክፍሉንና የሙዚቃ መሣሪያዎን ጠባይ ያጥኑ።

ክፍሉ ከማይኩ ይቀድማል

ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ የሆነ ክፍል ድምፅን እየመላለሰ ያነጥራል፤ ማይኩም ከክራሩ የሚወጣውን ብቻ ሳይሆን ከግድግዳው የሚመለሰውንም አብሮ ይቀዳል። እኔ ኮንደንሰር የሚባለውንና ጥቃቅን ድምፅን ሁሉ የሚይዘውን የመጀመሪያ ማይኬን ገዝቼ ክራር የቀዳሁት እንዲህ ባለ ሳሎን ውስጥ ነበር። መልሼ ሳዳምጠው ክራሩ ባዶ ጋን ውስጥ የተመታ ይመስል ስለነበር ጥፋቱን በማይኩ አሳብቤ ሳምንት ሙሉ ሌላ ማይክ ሳፈላልግ ቆየሁ። በመጨረሻ ያንኑ ማይክ ወደ መኝታ ክፍል ወስጄ፣ ልብስ የሞላውን ቁም ሣጥን ከጀርባዬ ከፍቼ፣ በጎኔ ፍራሽ አቁሜ ስቀዳ የክራሩ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ተሰማ። ለዚያ ለውጥ አንድ ብር እንኳ አላወጣሁም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለቤት ቀረጻ የሚሸጡት አብዛኞቹ ማይኮች ካርዲዮይድ የሚባሉ ናቸው፤ ከፊት ለፊታቸው የሚመጣውን ድምፅ በደንብ ይሰማሉ፣ ከጀርባቸው የሚመጣውን ግን በእጅጉ ይቀንሳሉ። ማይኩ ወደ ተጫዋቹ ሲዞር ከተጫዋቹ ጀርባ ያለውን ግድግዳም አብሮ ያያል፤ ስለዚህ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ከተጫዋቹ ጀርባ ነው። የመኪና ድምፅ የሚገባበትን መስኮት ደግሞ ማይኩ ጀርባውን እንዲሰጠው ያድርጉ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ካርቶኑ ቀላልና ስስ ስለሆነ ከውጭ የሚገባውን ጩኸት አያግድም፣ የክፍሉን ጎርናና ድምፅም አይውጥም። ቤትዎ የቆርቆሮ ጣራ ካለው በክረምት ዝናብ ሲወርድ የሚያድንዎት ዕቃ ስለሌለ ሰፈርዎ የሚረጋበትን ሰዓት አስቀድመው ይወቁ። ክፍሉን ለመፈተን መካከሉ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ፤ ከጭብጨባው በኋላ የሚንጫረር ድምፅ ከሰሙ ክፍሉ ገና ጨርቅ ይፈልጋል።

ዳይናሚክ ወይስ ኮንደንሰር?

ዳይናሚክ ማይክ በማግኔት ውስጥ በሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ የሚሠራ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል አይፈልግም፣ መውደቅና መገፋትን ይችላል፣ በቅርብ ያለውን ብቻ አጉልቶ ይሰማል። ኮንደንሰር ማይክ ግን እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ያለውና አብዛኛውን ጊዜ ፋንተም ፓወር የሚባለውን 48 ቮልት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ጥቃቅኑን ድምፅ ሁሉ ስለሚይዝ የጎረቤትን ቴሌቪዥን ጭምር ይቀዳል። ክፍልዎ ጫጫታ የሚበዛበት ከሆነና በዋናነት የሚቀዱት የዘፈን ድምፅ ከሆነ ያለ ማመንታት ዳይናሚክ ይግዙ። ከ1966 ጀምሮ በዓለም መድረኮች ላይ የሚታየው ሹር ኤስኤም58 ለዚህ የታመነ ነው፤ በስሙ ተመሳስለው የተሠሩ ማይኮች ስለሚበዙ ግን ዋጋው ከሚገባው በታች ሲሆን ይጠራጠሩ።

በገና ሲሆን ምርጫው ይለወጣል። የአሥሩ አውታሮች ንዝረት የሚወጣው በእንዝራዎቹ፣ ማለትም ከአውታሮቹ ሥር በሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች አማካይነት ሲሆን ድምፁ ጎርናና ነው፤ መጠኑ ግን ዝቅ ያለ ነው። በዳይናሚክ ማይክ ለመቅዳት ጌይኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን መጠን፣ እጅግ ከፍ ማድረግ ግድ ስለሚሆን የመሣሪያው የራሱ የሹሹታ ድምፅ ከበገናው ጋር ይገባል፤ ለበገና ኮንደንሰርና ጸጥ ያለ ሌሊት ያስፈልጋል። ከበሮ በተቃራኒው ጉልበተኛ ስለሆነ ዳይናሚክ ይበቃዋል።

ማሲንቆ ከሁሉም ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ማይኩን ከቆዳው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቢያስቀምጡት የደጋኑ ጭራ ከክሩ ጋር ሲፋተግ የሚያወጣው ፍግፍግታ ዜማውን ይጋፋዋል፤ ወደ ሁለት ስንዝር አርቀው ትንሽ ወደ ጎን ሲያዞሩት ግን ፍግፍግታው ይለዝብና የቆዳው ሙቀት ያለው ድምፅ ይወጣል። ይህን ልዩነት የትኛውም ውድ ዕቃ አይሰጥዎትም። ስለዚህ ማይክ ሲገዙ የማይንሸራተት ጠንካራ ስታንድም አብረው ይግዙ፤ ማይኩን በመጻሕፍት ላይ ደግፎ የሚቀዳ ሰው ትክክለኛውን ቦታ አንዴ ቢያገኘው እንኳ በማግስቱ መልሶ አያገኘውም። ለዋሽንት ማይኩን ከትንፋሹ መስመር ያውጡና ወደ ጣት ቀዳዳዎቹ ያዙሩት። ለዘፈን ደግሞ በ«ጰ»፣ በ«ፐ»ና በ«በ» ድምፆች ላይ የሚፈነዳውን ትንፋሽ የሚያግድ ፖፕ ፊልተር ያስፈልጋል፤ በክብ ሽቦ ላይ የተወጠረ ስቶኪንግም ሥራውን ይሠራል።

ማይኩን ከኮምፒዩተር የሚያገናኘው

ብቻዎን የሚዘፍኑ ከሆነ በቀጥታ በዩኤስቢ የሚሰካ ማይክ ሊበቃዎት ይችላል። ነገር ግን እንደ አዝማሪ እየዘፈኑ ማሲንቆ የሚመቱ ከሆነ ሁለቱን ድምፆች ለየብቻ መያዝ ስለሚኖርብዎ፣ ሁለት የኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ ገመድ) መግቢያ፣ 48 ቮልትና 24 ቢት የመቅጃ አቅም ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ ማለትም የማይክን ድምፅ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ዕቃ ይፈልጉ። የፎከስራይት ስካርሌት ወይም የስታይንበርግ ዩአር ተከታታይ ምርቶች ለጀማሪ በቂ ናቸው። በዩኤስቢ የሚሠራ ርካሽ ሚክሰር ብዙ ቀዳዳ ስላለው ያጓጓል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ሁሉንም ድምፅ በአንድነት አዋሕደው ወደ ኮምፒዩተሩ ስለሚልኩ፣ ማሲንቆው ድምፅዎን ሸፍኖት ቢገኝ በኋላ ለያይቶ ማስተካከል አይቻልም። ከመግዛትዎ በፊት በአንድ ጊዜ ስንት ትራክ (ለብቻው የሚቀዳ ድምፅ) ለየብቻ እንደሚልክ ይጠይቁ።

ኢንተርፌሱ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ እንዲኖረውም ይፈልጉ። ድምፅዎ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ እስኪመለስ ድረስ በጆሮዎ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በፈር የሚባለው፣ ኮምፒዩተሩ ድምፅን ለአፍታ የሚያቆይበት መጠን፣ በ44,100 ኸርዝ ቀረጻ 1024 ላይ ሲሆን መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 23 ሚሊሰከንድ ያህል ሲሆን፣ በ128 ላይ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ቁልፉ ይህን መንገድ ያቋርጥና ድምፁን ከኢንተርፌሱ በቀጥታ ያሰማዎታል። ሄድፎኑ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ዝግ ዓይነት ይሁን፤ ክፍት ከሆነ አጃቢው ሙዚቃ እያፈተለከ ወደ ማይኩ ይገባል። ብሉቱዝ ሄድፎን ስለሚዘገይ ለቀረጻ አይሆንም። ቀረጻን ለማዳመጥ የሚያገለግለው የሞኒተር ስፒከር ግዢ ክፍሉ እስኪስተካከል ይቆይ።

መብራትና ፕሮግራም

መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል። ሌላም ጥቅም አለው፦ በቀረጻው ውስጥ የማያቋርጥ «እምም» የሚል ድምፅ ሲሰሙ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው ይሞክሩ፤ ድምፁ ከጠፋ ምንጩ የመብራት መስመሩ ወይም ቻርጀሩ እንጂ ማይኩ አይደለም። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክልዎትን ዕቃ አዳፕተር ከመሰካትዎ በፊት በላዩ የተጻፈውን ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር ከሰኩት ይቃጠላል። ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ኢንተርፌስ ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው።

ለመቅጃ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ ገንዘብ አያውጡ። ኦዳሲቲ በነፃ ይገኛል፤ ሪፐር ለ60 ቀናት ያለ ክፍያ ይሞከራል። በ24 ቢትና በ48,000 ኸርዝ ይቅዱ፤ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ስምንት ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን ወደ 345 ሜጋባይት ይደርሳል። ጌይኑን ሲያስተካክሉ በጣም ጮክ ብለው የሚዘፍኑበትን ቦታ ዘፍነው፣ ጠቋሚው ከ0 በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ያድርጉ። ቀዩን የነካ ድምፅ ተሰንጥቆ ስለሚቀር በኋላ አይጠገንም።

ሱቅ ሲሄዱ

ላፕቶፕዎን፣ ሄድፎንዎንና ከተቻለ ክራርዎን ይዘው ይሂዱ። በተለይ ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ኢንተርፌሱን ሰክተው እያንዳንዱን ቁልፍ ቀስ ብለው ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፤ ሲዞር የሚንኳኳ ወይም የሚፈነጣጠቅ ድምፅ ካለ ውስጡ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል። 48 ቮልቱን አብርተው ኮንደንሰሩ በሁለቱም መግቢያዎች መሥራቱን ያረጋግጡ። ገመዱን ጫፍና ጫፉ ላይ ያወዛውዙት። ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ምንም ሳይጫወቱ ዝምታውን ቀድተው በሄድፎኑ ያዳምጡ፤ ሻጩ ይህን ለማድረግ ጊዜ ካልሰጠዎት ዕቃውን እዚያው ትተው ይውጡ።