ልብ ሲጨነቅ በመዝሙረ ዳዊት እንዴት እንጸልይ?

ጭንቀት ሲበዛ ጸሎት ራሱ ይከብዳል። ሥራ ያጣሁበት ዓመት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየባነንኩ ጣሪያ ሳይ ነበር የሚነጋው። "አባታችን ሆይ" ብዬ እጀምርና ሐሳቤ የቤት ኪራይ ላይ ነው። ሰው "አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው" ሲለኝ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ቀስ በቀስ ሰላም ያገኘሁት እግዚአብሔር ፊት ደህና መስዬ መቅረቤን ስተው ነው። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ብሉና ተኙ። ይሄም መንፈሳዊ ምክር ነው። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን አንብቡት፤ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ በረሃ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት" ብሎ ሞትን ሲለምን እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአክ ልኮ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት እንጂ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። "እዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው በኋላ፣ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ጾም ላይ ሆናችሁ ሰውነታችሁ ከደከመ ዝም ብላችሁ አትጎዱ፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።

ከዚያ ዳዊት ክፈቱ። ዳዊት የሚደግሙ እናትና አባቶቻችን 150ውን መዝሙር በአሥር አሥር ከፍለው፣ እያንዳንዱን ክፍል "ንጉሥ" ብለው፣ በሳምንት ያዳርሱታል። የተጨነቀ ሰው ግን ከዚያ አይጀምር፤ አንድ መዝሙር ይበቃል። እኔ የምመክረው መዝሙር 12ን ነው (በሌሎች እትሞች 13 ተብሎ ይቆጠራል)። አጭር ነው። ሲጀምርም ሳያለዝብ "አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?" ይላል። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። "እስከ መቼ" የሚለው ጋ ስትደርሱ ቁሙና የራሳችሁን ጨምሩበት፤ እስከ መቼ እናቴ ትታመማለች፣ እስከ መቼ ልጄ ከስደት ሳይደውል ይቆያል፣ እስከ መቼ ቤቴ ይታመሳል። ማልቀስ ከመጣም አልቅሱ። ይሄ ማጉረምረም አይደለም፤ ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ በአፋችን ያስቀመጠው ጸሎት ነው።

መጨረሻው ላይ መዝሙሩ "እኔ ግን" ብሎ ወደ ምሕረቱ ይመለሳል። ችግሩ ተፈታ አይልም። ጠላትም እዚያው ነው፣ ጥያቄውም አልተመለሰም፣ ሰውየው ግን የሚደገፍበት አግኝቷል። እኔ ሰላም የምለው ይሄንን ነው። "እኔ ግን" ማለት ያቃታችሁ ቀን ደግሞ መዝሙር 87ን (88ን) አንብቡ፤ እሱ እስከ መጨረሻው ጨለማ ውስጥ ነው ያለው፣ ሆኖም ጸሎት ተብሎ ተቆጥሯል።

ቀጥሎ ጭንቀቱን ልመና አድርጉት። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በምንም እንዳይጨነቁ፣ ይልቁንም ልመናቸውን ከምስጋና ጋር እንዲያቀርቡ ሲጽፍ (4፥6) በእስር ላይ ነበር፤ ተመችቶት የተናገረው ቃል አይደለም። ወረቀት ያዙና በዝርዝር ጻፉ። "ጭንቀቴን አርቅልኝ" ከማለት "የዚህ ወር ኪራይ አስጨንቆኛል፣ አከራዬን ነገ የማናግርበት ድፍረት ስጠኝ" ብትሉ ይሻላል። ከሥሩ አንድ ምስጋና ጨምሩ፣ ትንሽም ቢሆን። ጎረቤት ቡና ጠርታኝ ነበር፣ ልጄ ዛሬ ሳቀ፣ በቂ ነው።

ቀን ቀን ረጅም ጸሎት ካልሆነላችሁ ታክሲ ሰልፍ ላይም ሆናችሁ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በሉ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ከትንፋሻችሁ ጋር።

ብቻችሁንም አትሁኑ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጴጥሮስንና ሁለቱን የዘብዴዎስ ልጆች ይዞ ገብቶ፣ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ነግሯቸው፣ አብረውት እንዲተጉ ጠይቋል። እሱ ሰው ከፈለገ እኛማ! ለአንድ የምታምኑት ሰው እውነቱን ንገሩ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ፣ በተለይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸበሉንም መድኃኒቱንም ያዙ፤ አንዱን ለሌላው ብላችሁ አታቋርጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካነበባችሁት መዝሙር ጎን ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። የእኔ ዳዊት ላይ መዝሙር 12 አጠገብ አሥራ አንድ ቀኖች ተጽፈዋል፤ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን የጻፍኩት ሥራ ሳላገኝ ነው፣ ግን በእነዚያ ሌሊቶች ተኝቻለሁ።