የምርምር ውጤት ለእርስዎ ማሳ ይሠራ እንደሆነ እንዴት ይፈትሹ?

የማዳበሪያ ምክረ ሐሳብ ወይም አዲስ ዝርያ ሲመጣ ወረቀቱ የሚነግርዎ በሙከራው የተለወጠውን ነው፦ ይህን ያህል ኪሎ ተጨመረ፣ ይህን ያህል ኩንታል ተገኘ። ያልተለወጠው ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። አፈሩ፣ ከፍታው፣ የሠራተኛው ብዛት፣ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ሁሉም በዝምታ ይታለፋል። ውጤቱ የቆመው ግን በእነዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሆለታ፣ በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በአቃቂ በኩል አፈርም ከፍታም በአጭር ርቀት ስለሚለያይ ይህ ክፍተት ምርት ያሳጣል።

በአፈሩ ይጀምሩ። 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) እና 100 ኪሎ ዩሪያ ለአንድ ሄክታር 65 ኪሎ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ቁጥሩ የትም ቦታ ያው ነው፣ ሰብሉ የሚያገኘው ግን አይደለም። በሆለታ ቀይና አሲዳማ አፈር ላይ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ይዘው ያስቀሩታል። በአቃቂና በሰንዳፋ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ይተኛል፤ አየር ያጣው አፈር ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝነት ለውጦ ያባክነዋል። ስለዚህ ጥቁር አፈር ላይ ከዩሪያው በፊት የሚቀድመው ውሃውን የሚያጠነፍፍ ቦይ ነው። ለማረጋገጥ 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፤ ሲሰርግ እንደገና ሞልተው ያሳድሩት። ጠዋት ውሃው ካልሰረገ ቀይ አፈር ላይ የተገኘውን ውጤት እንዳለ አይውሰዱ። የአሲድነት ምርመራ የሚያሠሩ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አፈር ወስደው ያደባልቁና አንድ ኪሎ ይላኩ። ከጓሮ፣ ከፍግ ክምርና ከባሕር ዛፍ ሥር አይውሰዱ።

ቀጥሎ ከፍታውን ያነጻጽሩ። ለምሳሌ የምርምር ጣቢያ ያለበት ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) 1900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 2500 ሜትር ላይ ያለ ማሳ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ እዚያ በወቅቱ የደረሰ ዝርያ እዚህ ዘግይቶ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሊያገኘው ይችላል። በወረቀቱ ላይ ያለው የመድረሻ ቀን ብዛት የሙከራ ጣቢያው ሙቀት ውጤት እንጂ የዘሩ ብቻ ጠባይ አይደለም።

ጉልበትና መሬት ብዙም ትኩረት አይሰጣቸውም፣ እኛ ግን ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ቆም ይበሉ እንላለን። ጤፍን በመስመር መዝራት በምርምር ማሳ ላይ ያሳየው ጭማሪ ገበሬው በራሱ እጅ ሲሞክረው በጣም አንሷል፤ በጣቢያው የሠራተኛ ቁጥር አያስጨንቅም፣ በቤተሰብ ማሳ ግን መስመር የሚያወጣና ዘር የሚጥል ሰው በዚያው ሳምንት ለሌላ ሥራም ይፈለጋል። የአፈርን አሲድነት ለመቀነስ የሚጨመረው ኖራም እንዲሁ ነው፦ ጥቅሙ በበርካታ ዓመታት የሚሰበሰብ ስለሆነ ስሌቱ መሬቱ ከእርስዎ ጋር እንደሚቆይ ያስባል። መሬት በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ሊካፈል፣ ለአንድ ዓመት የያዘ ሰው ወጪውን ከፍሎ ትርፉን ለሌላ ይተዋል።

ነገሩ በእርሻ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በጣም ይጨምራል የሚለው ግንዛቤ በብዛት የመጣው በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን 3530 ሜትር ላይ በሚኖሩ አማራዎች ዘንድ መጠኑ ከባሕር ጠረፍ ነዋሪዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። የተጠናው ሕዝብ አንድ ዓይነት ሲሆን የሕዝቡ ጠባይ የከፍታው ጠባይ ይመስላል።

ከዚህ በኋላ በማሳዎ ላይ ይፈትኑ። 12 በ12 ሜትር የሆኑ 6 መደቦች ያዘጋጁ፤ ከአንድ ጥማድ ሢሶ ገደማ ይወስዳል። ሁለት ሁለቱን በተዳፋቱ እኩል ከፍታ ላይ ጎን ለጎን ያጣምሩ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አዲሱ አሠራር የሚደርሰውን በዕጣ ይለዩ፤ በምርጫ ከሆነ እጅ ሁልጊዜ ወደ ለሙ ጎን ይሄዳል። በመደቦቹ መካከል ቦይ ይቁረጡ፣ አለበለዚያ ጎርፍ ማዳበሪያውን ወደ ታችኛው ይወስዳል። በሄክታር 100 ኪሎ ማለት ለአንድ መደብ 1.44 ኪሎ ነው። በሚዛን ይለኩ፤ ዩሪያ ቀላል ስለሆነ አንድ ጣሳ ዩሪያና አንድ ጣሳ ኤንፒኤስ እኩል አይመዝኑም።

ሲያጭዱ ዙሪያውን አንድ ሜትር ትተው መሐሉን 10 በ10 ብቻ ይሰብስቡ። ያኔ ከመደቡ የተወቃው እያንዳንዱ ኪሎ በሄክታር አንድ ኩንታል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ ፈተናውን የሚያበላሸው አረም ነው፦ አዲሱ መደብ ሳይታወቅ የበለጠ ይታረማል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በእኩል እጅ ያርሙ። የሠራተኛውን ሰዓትም በየመደቡ ይመዝግቡ። በተመሳሳይ አሠራር በያዟቸው ሦስቱ መደቦች መካከል ያለው ልዩነት በአዲሱና በነባሩ መካከል ካለው ከበለጠ፣ ያንን ክረምት ምንም አይወስኑ፤ በሚቀጥለው ደግመው ይዝሩ።